ኤሲው የኔ፣ ፈቃዱ የባላንጣዬ

ደብረ ብርሃን ላይ ኤሲ ገዛሁ ብዬ የነገርኩት ሰው ሁሉ ስቆብኛል። አልፈርድባቸውም። ኅዳር ላይ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ በሚያድርበት፣ ሰው ቀኑን ሙሉ ጋቢ ደርቦ በሚውልበት ከተማ ማቀዝቀዣ የምትገዛ ሴት ጤንነቷ ያጠራጥራል። እኔ የገዛሁት ግን እንደተፈለገ የሚያቀዘቅዝም የሚያሞቅም ነው። መጀመሪያ ላይ ይህንን ለጠየቀኝ ሁሉ አስረዳ ነበር። በኋላ ሰለቸኝና "አዎ፣ ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው" እያልኩ ማለፍ ጀመርኩ።

ይህን የምጽፈው ግን ላስቃችሁ አይደለም። ያ ማሽን ቤቴ በገባ ማግሥት ያወቅሁት ነገር ኑሮዬን ለውጦታል። እስከ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል፤ ስለዚህ ረጋ ብላ ታወራናለች ብላችሁ አትጠብቁኝ።

ያኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ገበያው አጠገብ በተከራየሁት ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርምና መጋረጃ እሰፋለሁ። ከባለቤቴ ከተሾመ ጋር ከተፋታን ዓመታት አልፈዋል። ተሾመ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ባለ ፈቃድ፣ በከተማውም ስሙ የተጠራ። ስንጋባ ረዳት የሚቀጥርበት አቅም ስላልነበረው ረዳቱ እኔ ነበርኩ። ገመድ ስቤያለሁ፣ ግድግዳ ቦርቡሬያለሁ፣ ከየትኛው ሽቦ ጋር የትኛው እንደሚታሰር እሱ ሲሠራ እያየሁ ተምሬያለሁ። ሥራው ሲሰፋለት ሌላ ረዳት ቀጠረ፤ እኔ ወደ ስፌቱ ገባሁ። የትዳሩን ነገር ግን ይቅር፤ ብጀምረው አልጨርሰውም።

ፍርድ ቤቱ ቤቱን እኩል ተካፈሉ ሲለን ሁለታችንም "እኔ አልወጣም" አልን። ሲፋቱም ውርስ ሲካፈሉም ቤት መሃል ላይ ግድግዳ ማቆም በእኛ አገር የተለመደ ነው፤ እኛም እንደዚያው አደረግን። ግድግዳውን ያስገነባው ተሾመ ነው። የመብራቱን መስመር ለሁለት የለየውም እሱ ነው፤ ባለሙያ እቤት ውስጥ እያለ ሌላ ማን ይጠራል? በሩ ሁለት፣ ወጥ ቤቱም ሁለት ሆነ። የግቢው በርና የመብራት ቆጣሪው ግን አንድ ሆነው ቀሩ። ቆጣሪው በሱ ስም ነው፤ የተሰቀለውም በሱ በኩል ነው። ሰላምታ ካቆምን ቆይተናል። ግቢው በር ላይ ስንገናኝ አንደኛችን ስልክ የሚያወራ ይመስላል።

አባቴን ከአንኮበር ያመጣሁት በዚያ ዓመት ነው። ሳንባው ደክሟል። ጢስ ሲያገኘው ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ብርድ ሲመታው ደግሞ ሳሉ አያስተኛውም። ሐኪሙ "እሳቸው ባሉበት ክፍል ከሰል እንዳይገባ፤ ብርድም እንዳያገኛቸው" አለኝ።

"ዶክተር፣ ደብረ ብርሃን ላይ ያለ ከሰል ብርድን በምን እከላከለዋለሁ?" አልኩት።

"እሱን እናንተ ታውቃላችሁ" ብሎኝ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

የሽቦ ምድጃ ሞከርኩ፤ የአባቴን ብርድ ልብስ ጫፍ አቃጥሎ ተሰናበተ። እንዲህ እያልኩ ሳለ ነው አንዲት ደንበኛዬ ሸዋ ሮቢት ያለ አንድ ሆቴል አሮጌ ኤሲዎቹን እየሸጠ መሆኑን የነገረችኝ። ቆላው ውስጥ ለማቀዝቀዝ የተገዛውን እኔ ደጋው ላይ ላሞቅበት ጭኜ አመጣሁት። አንድ ወጥ ሳጥን ነው፤ መስኮት ላይ ይቀመጣል፣ ፊቱ ወደ ቤት ጀርባው ወደ ውጭ ይሆናል። ሻጩ "ባለሙያ ይግጠምልሽ" አለኝ። የማውቀው ባለሙያ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ነበር። እሱን ከምለምን ብርዱን እለምናለሁ አልኩና ራሴ ልገጥመው ወሰንኩ። የገዛ ቤቴ ነው፤ ማን ይጠይቀኛል?

አንድ የኅዳር ማክሰኞ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ ሥራ ጀመርኩ። የመስኮቱን አንድ ወገን መስታወት አውጥቼ በጣውላ ፍሬም ሠራሁለት። ጎረቤቶቼ ሳጥኑን ተሸክመው አስቀመጡልኝ። ከእኔ በኩል ካለው የብሬከር ሳጥን ወፍራም ገመድ ለብቻው ሳብኩለት፤ ችግር ሲኖር መብራቱን የሚቆርጥ ብሬከርም ለብቻው ሰጠሁት። የቀረው አርዝ የሚባለው ነው። ኤሌክትሪክ ወደ ማሽኑ ብረት ቢያፈተልክ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት ወደ አፈር የሚያወርደው ሽቦ ማለት ነው። ያንንም አልዘለልኩትም። የብሬከር ሳጥኑ ውስጥ ከድሮ ጀምሮ የነበረ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ አለ፤ ከሱ ጋር አጥብቄ አሰርኩት። የቤታችን አርዝ የተቀበረበትን ጉድጓድ የቆፈርነው ሁለታችን ነን፤ ዛሬ ቦታው በተሾመ በኩል ባለው የግቢው ጥግ ይገኛል።

ስከፍተው አጓራና ትንሽ ቆይቶ ሞቅ ያለ አየር መንፋት ጀመረ። አባቴ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ሳጥኑን ዙሪያውን ያየዋል።

"እሳቷ የት ነው ያለችው?" አለኝ።

"እሳት የላትም አባዬ። በመብራት ነው የምትሠራው።"

"ጢስ የላት፣ አመድ የላት" አለ። ከዚያ ጋቢውን አወለቀ። እኔ ቤት ከመጣ ጀምሮ ጋቢውን ሲያወልቅ አይቼው አላውቅም። ሳይስል አንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር ተናገረ፤ ስለ አንድ የአንኮበር ጎረቤቱ በሬ ነበር የሚያወራው፤ እኔ ግን የበሬውን ነገር ሳይሆን ትንፋሹን ነበር የማዳምጠው። ወጥ ቤት ገብቼ በደስታ አለቀስኩ።

ደስታዬ ምሳ ሰዓት ድረስ እንኳ አልቆየም። የዚህ ማሽን ጠባይ ወደ ቤት ሙቀት ሲነፋ በጀርባው ወደ ውጭ ብርድ መንፋቱ ነው። ጀርባው ደግሞ የሚያየው ግቢውን፣ በትክክል ለመናገር የተሾመን በር ነው። ይህን አስቤ አላደረግኩትም፤ መስኮቱ ያለው በዚያ በኩል ብቻ ነው። ሳውቅ ግን አልከፋኝም።

በሩ በቡጢ ተመታ። ስከፍት ተሾመ ቆሟል፤ ሹራብ ላይ ሹራብ ደርቦ።

"ይሄ ደጄ ላይ ውርጭ የሚነፋው ምንድን ነው?"

"ማሞቂያ ነው።"

"ትቀልጃለሽ?"

"ከአንተ ጋር መቀለድ ካቆምኩ ስንት ዓመቴ።"

አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየ። አባቴን ሲያይ ፊቱ ትንሽ ረገበና "አባባ፣ እንዴት ዋሉ?" አለ። አባቴ "እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ" አለው። አባቴ ከፍቺያችን በኋላም ተሾመን ልጄ ማለቱን አልተወም ነበር፤ ያም ያናድደኝ ነበር።

"ማን ገጠመው?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እኔ።"

"አንቺ?"

"እጅ አለኝ እኮ።"

"ፈቃድ ግን የለሽም። በኤሌክትሪክ መስመር ላይ ፈቃድ የሌለው ሰው አይሠራም።"

"ለገዛ ቤቴ የምን ፈቃድ ነው?"

"ቤቱ ያንቺ ነው። መስመሩ ግን ቆጣሪው ድረስ ይሄዳል፤ ቆጣሪው በኔ ስም ነው። እሳት ቢነሳ የሚጠየቀው ማን ይመስልሻል?"

"አንተ ብትጠየቅ ደስ ይለኛል።"

"ንቀይው።"

"አልነቅልም።"

"እሺ" ብሎ ሄደ። ይህቺን የሱን እሺ አውቃታለሁ። ሳይነጋገር ሊያደርግ የወሰነውን ነገር የሚያደርገው እሺ ካለ በኋላ ነው። ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ ጸጥ አለ።

"መብራት ሄደ እንዴ?" አለ አባቴ።

"አዎ፣ ሄደ።"

"የተሾመ ቴሌቪዥን ግን ይሰማል" አለኝ። ሳንባው እንጂ ጆሮው አልደከመም።

ነጠላዬን አንስቼ ወደ መብራት ቢሮ ሄድኩ። ተሾመን ልከስ ነው የሄድኩት፤ ሽማግሌ ታሞ የተኛበትን ቤት መብራት ቆርጧል ብዬ ቢሮውን በጩኸት አንድ አደረግኩት። አንድ ተቆጣጣሪ ተሰጠኝና አብሮኝ መጣ። ጎልማሳ፣ ንግግሩ የታረመ፣ እጁ ላይ መፈተሻ መሣሪያ የያዘ ሰው ነው። ተሾመ ደጁ ላይ እጁን አጣምሮ ጠበቀን።

ተቆጣጣሪው መጀመሪያ ወደሱ ዞረ። "የሰው መብራት በራስዎ ሥልጣን መቁረጥ አይችሉም። አደጋ አለ ካሉ ለእኛ ያመለክታሉ።"

እኔ ፈገግ አልኩ። ፈገግታዬን ሳልጨርስ ወደኔ ዞረ።

"እርስዎ ደግሞ መሣሪያውን መግዛትም ግድግዳዎ ላይ ማስቀመጥም መብትዎ ነው። ከመስመር ጋር ማገናኘት ግን አይችሉም። ይህን ያህል ኃይል የሚስብ ዕቃ ሲገጠም ሥራውን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሠርቶ ኃላፊነቱን በፊርማው መውሰድ አለበት።"

"እኔ ካንዳንዱ ባለ ፈቃድ የተሻለ ነው የሠራሁት።"

"ሊሆን ይችላል እህቴ። እሱን የሚያረጋግጥልኝ ግን ፊርማ ነው። እስከዚያ ማሽኑ አይበራም። ነገ ጠዋት ተመልሼ አያለሁ፤ ባለሙያ አምጥተው ካልተፈረመ ግንኙነቱ ይፈታል።"

የቤቱን መብራት መለሰልኝ፤ የማሽኑን ብሬከር አውርዶ አሸገው። ተሾመ ወደ ቤቱ ገባ።

ባለሙያ ማግኘት ቀላል መስሎኝ ነበር። ስልኬን ይዤ የማውቃቸውን ሁሉ ደወልኩ። የመጀመሪያው በደስታ ጀመረና ቤቱ የት እንደሆነ ስነግረው "የተሾመ ግቢ ነው? እህቴ፣ እኔ ይቅርብኝ" አለኝ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ይህ የነሱ ደንብ ነው፤ የትም አልተጻፈም፣ ሁሉም ግን ያከብረዋል። አንድ ኤሌክትሪሺያን የዘረጋውን መስመር ሌላው ያለሱ ፈቃድ አይከፍትም። ከፈተ ማለት ሥራህን አላምነውም ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ በገበያው ላይ ይተላለቃሉ። የእኔን ቤት መስመር የዘረጋው ተሾመ ነው። ደብረ ሲና ያለ አንድ ሰው እንኳ፣ ያን ያህል ርቀት ላይ ሆኖ፣ ስሙን ሲሰማ "እሱን ራሱን ለምን አትጠይቂውም?" አለኝ።

አስቡት እንግዲህ። ሕጉ ፈቃድ ያለው ሰው አምጪ አለኝ። ደንባቸው ደግሞ ከአንድ ሰው በቀር ሁሉንም ከለከለኝ። እሱ ደግሞ በምድር ላይ ልለምነው የማልፈልገው ሰው ነው።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትደክም ክፍሉ ቀዘቀዘ። አባቴ ጋቢውን መልሶ ለበሰ፣ ብርድ ልብስም ደረበ። ሳሉ ተመለሰ። አንዱ ሳል ሳያበቃ ሌላው ይነሳል፤ ከንፈሩ ጠቆረ።

"ትንሽ ከሰል አቀጣጥይልኝ" አለኝ።

"ሐኪሙ ከልክሏል አባዬ።"

"ሐኪሙ ደብረ ብርሃን አይደለም እንዴ የሚኖረው?" አለና እንደገና ሳለ። ከሰሉን ባቀጣጥለው ትንፋሹን እነሳዋለሁ፤ ባላቀጣጥለው ብርዱ ይነሳዋል። ተነስቼ የተሾመን በር አንኳኳሁ። ከተፋታን ወዲህ ያንን በር ሳንኳኳ የመጀመሪያዬ ነበር።

"ምን ፈለግሽ?"

"ፈቃድህን።"

"እኔን ሳይሆን?"

"አንተንማ ምን አደርግሃለሁ።"

ሊዘጋው እጁን በሩ ላይ አደረገ። በዚያ መሃል አባቴ ሲስል ተሰማ፤ ረጅም ሳል ነበር፣ ሁለታችንም እስኪያበቃ ጠበቅን።

"ለሳቸው ስል ነው" አለ። "አንድ ነገር ግን አለኝ። ስሠራ አትናገሪኝም። አንድ ቃል ከተናገርሽ ዕቃዬን ሰብስቤ እሄዳለሁ።"

"እሺ" አልኩ። እኔም የራሴ እሺ አለኝ።

መሣሪያውን ይዞ ገባ። አባቴ "ና ልጄ፣ ና" አለው። ተሾመ የብሬከር ሳጥኔን ከፈተ። ስህተት ፍለጋ እንደገባ ያስታውቃል፤ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየነቀነቀ ያያል፣ ጥብቀታቸውን በካቻቢቴ ይፈትናል። የሚያጠብቀው አላገኘም። ገመዱን ለካ፤ ውፍረቱ ልክ ነው። ብሬከሩንም አየ፤ ልክ ነው። ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። እኔ አልተናገርኩም፤ ምላሴን ነክሼ ቆምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ዝም ያልኩበት ቀን የለም።

ቀጥሎ ለሙከራ ያህል እሽጉን ሳይቀደድ በቀስታ ልጦ ብሬከሩን አነሳና የመፈተሻ ካቻቢቴውን ወደ ማሽኑ የብረት አካል አስጠጋ። መያዣው ውስጥ ያለችው ትንሽ አምፖል ቦግ አለች።

ብሬከሩን ወዲያው አወረደው። ደስታዬ ጠፋ። አምፖሏ በራች ማለት የማሽኑ ብረት ላይ ኤሌክትሪክ አለ ማለት ነው፤ አርዙ ደግሞ ወደ አፈር አላወረደውም። ጠዋት አባቴ ያንን ሳጥን እጁን ዘርግቶ ሊዳስሰው ሲል "ቆይ እስኪሞቅ" ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ።

"አሮጌ ነው፣ ውስጡ ያፈሳል" አለ ተሾመ። "ይሄስ ይጠገናል። አርዙ ግን ለምን አልወሰደውም?" ራሱን ነበር የሚጠይቀው። ያሰርኩትን አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ያዘ፤ እስሩ ጥብቅ ነው። ሽቦው ከሳጥኑ ወጥቶ ወደ መሃሉ ግድግዳ ይገባል። ግድግዳው ጋ ሲደርስ የተሾመ እጅ ቆመ።

አየሁት። የሆነ ነገር ትዝ ያለው ሰው ፊት ነው ያየሁት።

ሽቦውን ጎተተው። ጠንክሮ ሊይዝ ሲገባው እየተሳበ መጣ፤ ክንድ የማይሞላ ቁራጭ ሆኖ ከግድግዳው ወጣ። ጫፉ አልተቃጠለም፣ አይጥም አልበላውም። በፒንሳ ተቆርጧል፤ ቆረጣው ጥርት ያለ ነው።

ዝም እላለሁ ብዬ የገባሁት ቃል እዚያ ላይ አበቃ።

"አንተ ነህ" አልኩት።

ቁራጩን ከእጁ ወሰድኩት።

"ግድግዳው ሲሠራ ነው የቆረጥከው። ሌሎቹን ሁለት ሽቦዎች፣ ፌዙንና ኒውትራሉን፣ ለየህልኝ፤ አርዙን ግን ቆርጠህ ጫፉን ግድግዳ ውስጥ ቀበርክ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እኔ በባዶ ነው የኖርኩት? ካውያው፣ ፍሪጁ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ፣ ሁሉም በባዶ?"

"ያኔ ተናድጄ ነበር" አለ። "ልመልሰው ነበር። ቆየና ረሳሁት።"

"ጠዋት ፈቃድ የለሽም ብለኸኝ ነበር።"

"ዝቅ አድርገሽ ተናገሪ፣ አባባ..."

አባቴ ግን ነቅቶ ሁሉንም እያየ ነበር።

ልነግራችሁ የሚያቅተኝ አንድ ነገር አለ። ተሾመ በክፋት መብራቴን ባይቆርጠው ኖሮ አባቴ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እጁን ሊያሞቅ ወደ ማሽኑ መጠጋቱ አይቀርም ነበር። ስለዚህ ክፋቱ አዳነው ማለት ነው። ይህን ለተሾመ አልነገርኩትም፤ ልነግረውም አላስብም።

ያን ዕለት እስኪመሽ በእኔ በኩል ባለው ጥግ አዲስ ጉድጓድ ቆፈረ። አፈሩ በብርድ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ረዳቶቹን እንዳይጠራ ምክንያቱን መናገር ሊኖርበት ነው። የመዳብ ዘንግ ቀበረ፤ አፈሩ ኤሌክትሪኩን በደንብ እንዲቀበል ከሰልና ጨው ደባልቆ ዙሪያውን ሞላ። ከሰሉን ያመጣሁለት እኔ ነኝ፤ ለአባቴ ልጠቀምበት ያልቻልኩት ከሰል ነው። አዲስ ሽቦ ስቦ አሰረ፤ ከማሽኑ ውስጥ የሚያፈሰውንም ቦታ ፈልጎ ጠገነ። ሲጨርስ ፈተሸ፤ አምፖሏ አልበራችም፤ ብሬከሩን አውርዶ እሽጉን እንደነበረ መለሰው። እስኪፈረም ድረስ ማብራት አልተፈቀደልንምና አባቴ ያንን ሌሊት በአራት ብርድ ልብስና በፍል ውሃ ጠርሙስ አለፈው። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጠዋት ለተቆጣጣሪው የምናገረውን ስደረድር አደርኩ።

ጠዋት ተቆጣጣሪው መጣ። አዲሱን አርዝ በመሣሪያው ለካ፣ ብሬከሩን አየ፣ ገመዱን አየ፣ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ።

"ይሄ ሥራ የርስዎ ነው?" አለው ተሾመን።

ተሾመ እኔን አየኝ። እኔም አየሁት። ቁራጩ ሽቦ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ በእጄ ሳገላብጠው ነው ያደርኩት። አውጥቼ ባሳየው የተሾመ ፈቃድ ያን ቀን ያበቃለታል። ግን ያኔ የማሽኑን ሥራ የሚፈርም ሰው አይኖርም። በመስኮቱ በኩል የአባቴ ሳል ይሰማል።

"አዎ፣ የኔ ነው" አለ ተሾመ።

ፈረመ። ተቆጣጣሪው እሽጉን አንስቶ ብሬከሩን አበራና ወደኔ ዞረ።

"አዩ አይደል እህቴ? ባለሙያ ያስፈልጋል የምንለው ለዚህ ነው።"

"አየሁ" አልኩት። ያቺን ቃል ለማውጣት የከፈልኩትን እኔ አውቃለሁ።

እሱ ከሄደ በኋላ ተሾመ አባቴን ሊሰናበት ገባ። ክፍሉ መሞቅ ጀምሯል። "አባባ፣ ሞቀዎት?" አለ።

"ሞቀኝ" አለ አባቴ። "ከሷ ጋር መጣላታችሁን አውቃለሁ። እኔ ግን ምን በድዬህ ነበር?"

"አባባ፣ ያኔ እርስዎ እዚህ አልነበሩም።"

"እሷስ?" አለው አባቴ። "እሷ ነበረች አይደለም?"

ተሾመ መሣሪያውን አነሳ። ወጥቶ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

"ልትከሺው ነው?" አለኝ አባቴ።

"አዎ። ባለሙያ አገኛለሁ፣ የሌላ ሰው ፊርማ አስገባለሁ፣ ከዚያ እከሰዋለሁ።"

"እኔ በሕይወት እያለሁ አታደርጊውም። በኔ ምክንያት የሰው እንጀራ ሲዘጋ አይቼ መሞት አልፈልግም።"

"ሊገድልህ ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ። ማይልኝ።"

ተከራከርኩ፣ አለቀስኩ፣ ተናደድኩ። እሱ ደግሞ በሞቀው ክፍል ውስጥ ትንፋሽ አግኝቷል፤ እኔ እስክደክም መከራከር ችሏል። በመጨረሻ አስማለኝ። በሱ ዕድሜ ተሾመን ላልከስ ማልኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች አንድ ነገር ልትጠይቁኝ ነው፤ ሰው በገዛ ቤቱ ኤሲ ቢገጥም ይፈቀድለታል ወይ? እኔ እንደተረዳሁት ከመስመር ማገናኘቱ አይፈቀድም፤ መከልከሉም ትክክል ነው። እልኸኛ ሆኜ አልክድም፤ ያን ቀን የሚፈትሽ ሰው ባይመጣ አባቴን በእጄ ልቀብረው እችል ነበር። ግን ሕጉን ስትጠይቁ እዚያ ላይ አታቁሙ። የተከፈለ ቤት ያላችሁ፣ ከፍቺ ወይም ከውርስ በኋላ ግድግዳ ያቆማችሁ ሰዎች፣ መስመራችሁን የለየላችሁ ሰው ባለ ፈቃድ ነበር ብላችሁ አትተኙ። ያን ቀን ተናዶ እንደነበረ ማን ያውቃል? በገለልተኛ ሰው አስፈትሹት።

እኔ ያ ኅዳር ሳይወጣ ሥልጠና ተመዘገብኩ። ከእኔ ጋር የሚማሩት ልጆቼ ሊሆኑ የሚችሉ ወጣቶች ነበሩ፤ "እማማ" እያሉ ሲያሾፉብኝ ከረሙ፤ ከፈተናው በኋላ ማሾፉን ተዉት። ዛሬ ፈቃዴ ሱቄ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የስፌት መኪናዬ ጥግ ይዞ ቆሟል። የራሴን ቆጣሪ በስሜ አስገብቻለሁ። የሌላ ባለሙያ መስመር አይከፈትም የሚለውን ደንባቸውን ከፈተና በኋላ በሳምንቱ ነው ያፈረስኩት፤ ስለዚህ በከተማው ኤሌክትሪሺያኖች ዘንድ የምወደድ ሰው አይደለሁም። ደንበኞቼ ግን አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ገና እንደገባሁ መጀመሪያ የማየው አርዙን ነው። ተቆርጦ ያገኘሁት በራሴ ቤት ብቻ አይደለም።

አባቴ ያን የውርጭ ወቅትም ቀጣዩንም አለፈ። አሁንም አለ፤ ጋቢውን አውልቆ ስለ ሰው በሬ ያወራል። መሐላዬን ጠብቄያለሁ። የማልኩት ግን በሱ ዕድሜ ነው፤ ከሱ በኋላ እንደምከሰው ለተሾመ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ ጀምሯል። ጠዋት ጠዋት እኔ ስወጣ ጠብቆ ከደጁ ብቅ ይላልና "አባባ እንዴት አደሩ?" ይለኛል። ከልቡ እንደሚጠይቅ አልጠራጠርም።